የዶሮ ዘርና የፈንግል በሽታ ለእህል ነጋዴ ምን ያገባዋል?

በእህል በረንዳ በአንድ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ከሆነ አንባቢ የተላከ

በእህል በረንዳ የሚነግድ ሰው ስለ ዶሮ በሽታና ስለ ዶሮ ዘር ምርመራ ሲወራ ቢሰማ፣ «ይህ የሐኪሞችና የገበሬዎች ነገር ነው፤ የእኛ ነገር በቆሎና ስንዴ ነው» ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። እኔም ብዙ ዓመት እንዲሁ ሳስብ ኖሬአለሁ። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ኩንታል መመዝገብና የዱቤ ደብተር መያዝ ነው፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ስለዚህ ስለ እንስሳት ዘር ምርመራ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያስገደደኝ ያው የዱቤ ደብተር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮልፌ አካባቢ ሦስት መቶ ያህል እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚያረቡ አንዲት እመቤት ከመደብራችን በቆሎ፣ የስንዴ ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ በዱቤ ይወስዱ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሳያጓድሉ ይከፍሉ ስለ ነበር፣ አሠሪዬ ሐጂ «የእሳቸውን ሂሳብ አትጠይቅ፤ ራሱ ይመጣል» ይሉኝ ነበር። በአንድ ክረምት መግቢያ ግን ገንዘቡ ሳይመጣ ቀረ። በሁለተኛው ወር እመቤቲቱ ራሳቸው መጡና ዶሮዎቹ በስምንት ቀን ውስጥ በፈንግል እንዳለቁ፣ ከሦስት መቶው የተረፉትም ከአርባ እንደማይበልጡ ተናገሩ። ሐጂም ካዘኑ በኋላ፣ «እትዬ፣ አላስከተቧቸውም ነበርን?» ብለው ጠየቋቸው።

«ኧረ ከትቤአቸው ነበር ሐጂ! መድኃኒቱን በገንዘቤ ገዝቼ፣ በራሴ እጅ በውሃ በጥብጬ ነው ያጠጣኋቸው። ዘራቸውም ከውጭ አገር የመጣ ምርጥ ዘር ነው ተብዬ የገዛሁት ነው። ምን እንደ ሆነብኝ አላውቅም» አሉ።

እመቤቲቱ ከሄዱ በኋላ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ዘሩ ምርጥ ከሆነ፣ ክትባቱም ከተሰጠ፣ ዶሮዎቹ ስለ ምን አለቁ? መልሱን ለማግኘት ጥቂት መጻሕፍት አገላበጥሁ፤ በአንድ ቅዳሜም ቢሾፍቱ ወርጄ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር ብዙ ሰዓት ተነጋገርሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ የቀሰምሁትን ነው።

በመጀመሪያ የእንስሳት በሽታ የእህል ነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚለውን አስተሳሰብ የአገራችን ታሪክ ራሱ እንደሚያፈርሰው ማስታወስ ይገባል። አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው የሚጠሩት ዘመን በ1880 ዓ.ም. ገደማ ሲጀምር፣ መነሻው የድርቅ ብቻ አልነበረም። ፈረንጆች ሪንደርፔስት፣ እኛ የደስታ በሽታ የምንለው የከብት ወረርሽኝ በምጽዋ በኩል ገብቶ በጥቂት ዓመት ውስጥ አገሩን አዳረሰ፤ ከመቶው ከብት ዘጠና ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። በሬ ሲሞት ማረሻ ቆመ፤ ማረሻ ሲቆም ጎተራ ባዶ ሆነ። የዝናቡ መታጣትና የአንበጣው መምጣት ሲጨመርበት ሕዝቡ በረሃብ አለቀ። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የእህልን ዋጋ የወሰነው ሚዛን ሳይሆን በዓይን የማይታይ አንድ ቫይረስ ነበር ማለት ይቻላል።

ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ሙጉጋ በሚባል ቦታ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ.፣ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ደጋግሞ በማሳደግ ኃይሉን አድክሞ፣ አንድ ጊዜ ቢወጉት ከብቱን ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቅ ክትባት ሠራ። በእኛም አገር በ1956 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት ለዚህ ዘመቻ ክትባት ሲያመርት ኖሯል። በኋላም ሙቀት የሚችል ዓይነት ክትባት ስለ ተገኘ፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት በአፋር በረሃ ሠልጥነው የወጡ አርብቶ አደሮች ራሳቸው ከብቶቻቸውን ከተቡ። በኢትዮጵያ መጨረሻ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ አገራችን ከበሽታው ነጻ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. ታወቀ፤ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱም በ2003 ዓ.ም. ተበሰረ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ፈጽሞ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይኸው ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ፈንግልን የሚያመጣው ቫይረስ የደስታ በሽታ ቫይረስ የሥጋ ዘመድ ነው፤ የሕፃናት ኩፍኝም ከዚያው ቤተ ሰብ ነው። ፈረንጆች ፈንግልን «ኒውካስል» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በዚሁ ስም በሚጠራው ከተማ ስለ ታየ ነው። ዶሮይቱ ክንፏን ትጥላለች፤ አፏን ከፍታ እያቃሰተች ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ትቀዝናለች፤ ሳትሞት የቆየችም እንደ ሆነ አንገቷ ይጠማዘዛል። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ ከመቶው ሰማንያና ከዚያ በላይ ጠርጎ ይወስዳል።

ታዲያ ታላቁ ጠፍቶ ታናሹ ስለ ምን ቀረ ቢባል፣ የከብቱ በሽታ ከከብት ወዲያ የሚደበቅበት የረባ ቤት አልነበረውም፤ ክትባቱም አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር። የፈንግል ቫይረስ ግን በርግብና በዱር አዕዋፍም ይኖራል፤ የክትባቱም ጥበቃ ጥቂት ወር ቆይቶ ይደክማልና መደገም አለበት። ከዚህም በላይ በየጓሮው ያለው ዶሮ ዛሬ ተፈልፍሎ ነገ የሚታረድ ስለሆነ፣ ዛሬ የተከተበው መንጋ ከስምንት ወር በኋላ ሌላ መንጋ ሆኖ ይገኛል። የበዓሉም ንግድ ይጨመርበታል። ገበሬው «በሽታ ገባ» የሚለውን ወሬ የሰማ እንደ ሆነ፣ ከመሞታቸው በፊት ልሽጣቸው ብሎ ወደ ገበያ ያወጣቸዋል። ከአራትና ከአምስት አውራጃ የመጡ ዶሮዎች በአንድ ቅርጫት ታጉረው በመኪና ጣራ ላይ ተጭነው መርካቶ ዶሮ ተራ ይደርሳሉ፤ ያልተሸጠውም ወደ መጣበት ይመለሳል። ቫይረሱ እግር የለውም፤ እግር የምንሰጠው እኛ ነን።

እንግዲህ ወደ ዘር ነገር እንመለስ። እመቤቲቱ «ምርጥ ዘር ነው» ያሉት ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት፣ ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

የዚህ ትምህርት አባት የሚባለው ኦስትሪያዊው መነኵሴ ግሬጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ምርመራ በአተር ላይ የተሠራ ነበር፤ እስከ 1900 ድረስም የሚያነበው ሰው ጠፍቶ ኖረ። ሕጉ በእንስሳት ላይም እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1902 በቅድሚያ ካሳዩት አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን ሲሆን፣ የተመራመረበትም እንስሳ ዶሮ ነበር። የመረመረው ነገር ደግሞ የእኛ የበዓል ገበያተኛ ዶሮን አንሥቶ በቅድሚያ የሚያየውን ነው፤ ይኸውም በአውራው ራስ ላይ የሚቆመው ቀይ ሥጋ ድርብ ነው ወይስ ነጠላ የሚለውን ነው።

ነገሩን በሂሳብ ደብተር ልመስለው። እያንዳንዱ ዶሮ ስለ ራስ ሥጋው ሁለት ጽሕፈት ይዞ ይወለዳል፤ አንዱ ከአባት፣ ሁለተኛው ከእናት የመጣ ነው። ይህን ጽሕፈት ሊቃውንቱ ጂን ይሉታል። አንዱ ጽሕፈት «ድርብ»፣ ሁለተኛው «ነጠላ» ቢል፣ ዶሮው ድርብ ሆኖ ይታያል፤ «ነጠላ» የሚለው ግን አልተፋቀም፤ ከሥር ተደብቆ ይኖራል። ሁለት እንዲህ ያሉ ዶሮዎች ቢዋለዱ፣ በአማካይ ከአራት ጫጩት ሦስቱ ድርብ፣ አንዱ ነጠላ ይሆናሉ። ገበሬው ድርብ ከድርብ ጋር አገናኝቶ ነጠላ ጫጩት ሲወጣበት የጎረቤቱን አውራ ዶሮ የሚጠረጥረው ይህን ባለማወቅ ነው።

በዚህ ላይ ደግሞ ነጋዴን የሚያስደንቅ ነገር አለ። በእኛ ገበያ ድርቡ ከነጠላው ይበልጥ ዋጋ ያወጣል። ነገር ግን «ድርብ» የሚለውን ጽሕፈት ከአባትም ከእናትም የወረሰ አውራ ዶሮ፣ የዘሩ እንቅስቃሴ ደካማ ስለሚሆን፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከወረሰው ያነሰ ያስረግዛል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ተገኝቷል፤ ድርቡን መልክ ያመጣው የክሮሞሶም አንድ ቁራጭ መገልበጡ ሲሆን፣ ሲገለበጥ ለወንዴ ዘር እንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ሌላ ጂን ሰብሮታል። ስለዚህ ድርብ ብቻ እየመረጠ የሚያረባ ሰው መልክን ገዝቶ እንቁላል ሳይፈለፈልለት ቢቀር ሊደነቅ አይገባውም።

የላባውም ነገር እንዲሁ ነው። ቀይ፣ ገብስማ፣ ነጭ፣ ቆቅማ፣ ወሰራ እያልን ለየመልኩ ዋጋ እንቆርጣለን፤ ጥቁሩን እናረክሳለን፤ ጠንቋይ ያዘዘለት ሰው ሲመጣ ደግሞ ያንኑ የረከሰውን በእጥፍ እንሸጥለታለን። እነዚህ መልኮች በጥቂት ጂኖች የሚወሰኑ ስለሆነ በሁለትና በሦስት ትውልድ ሊለወጡ ይችላሉ። ስለዚህ የመርካቶ ዋጋ፣ ማንም ሳያዘው፣ የአገሪቱን ዶሮ ሲያራባ ኖሯል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ያራባውም ለዓይን ነው። አንገተ መላጣው ዶሮ ለምሳሌ በገበያ መልከ ጥፉ ተብሎ ይናቃል፤ ነገር ግን ላባው ስለሚያንስ በቆላ አገር ሙቀትን ከሌላው ይልቅ የሚታገሥ እርሱ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የአውራው ዕጣ ነው። በመንደሩ ውስጥ በአካሉ የገዘፈ፣ በሽታውን ሁሉ አልፎ ለዓመት የበቃ አውራ ዶሮ ቢኖር፣ ዘር ሳይተካ ለፋሲካ ወጥ የሚሄደው እርሱ ነው። ከግቢ ቀርቶ የሚያራባው ደካማው ነው።

አሁን ለበሽታ መበርታት ይወረሳል ወይስ አይወረስም የሚለውን እንመልከት። ይወረሳል፤ ነገር ግን እንደ ራስ ሥጋው በአንድ ጽሕፈት አይደለም። በብዙ ጂኖች ላይ ጥቂት በጥቂት ተበትኖ ይገኛል። ለዚህ ግልጽ ምስክር የሆነው ማሬክ የሚባለው በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 ከመዘገበው ከሀንጋሪያዊው ሐኪም ከዮዜፍ ማሬክ ሲሆን፣ የዶሮውን እግር ያሽመደምዳል፤ በሆድ ዕቃውም እጢ ያወጣል። በአሜሪካ አገር ሊቃውንት በሽታውን የቻሉትን ለብቻ፣ ያልቻሉትንም ለብቻ እያዋለዱ፣ በጥቂት ትውልድ ውስጥ አንዱን ወገን እምብዛም የማይነካው፣ ሁለተኛውን ግን የሚፈጅ ሆኖ አገኙት። ከዚህም ልዩነት ትልቁ ድርሻ በዶሮ ደም ዓይነት በሚታወቅ በአንድ የክሮሞሶም ቦታ ላይ እንዳለ ተደረሰበት።

በአገራችንም በከብት ወገን የሸኮ ከብት በቆላ ዝንብ የሚመጣውን የገንዲ በሽታ ከሌላው ከብት ይልቅ እንደሚችል የታወቀ ነው። የከብቱ ቁጥር ግን ከሌላ ዘር ጋር በመደባለቁ እያነሰ መጥቷል።

በዶሮ በኩል ግን ሊወደስ የሚገባው ሥራ ተሠርቷል። የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው፣ በወለጋ በሆሮና በምሥራቅ ሐረርጌ በጃርሶ ካሉ ገበሬዎች ግቢ ዶሮዎችን ደም እየቀዱ፣ ክብደት እየመዘኑ፣ ዘራቸውን በክሮሞሶም ደረጃ መረመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የሁለቱ አገር ዶሮዎች በዓይን ቢመሳሰሉም በዘር የተለያዩ ሆነው ተገኙ፤ ለበሽታ መልስ የሚሰጡባቸውም የክሮሞሶም ቦታዎች አንድ አልነበሩም። ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ በሽታን መቋቋምና ሥጋና እንቁላል መስጠት እርስ በርሳቸው የማይጣሉ ባሕርያት መሆናቸው ታየ። ብዙ ሰው «ጠንካራ ዶሮ እንቁላል አይሰጥም፤ እንቁላል የሚሰጥ ጠንካራ አይሆንም» ይላል። ምርመራው የሚለው፣ ሁለቱንም በአንድነት መርጦ ማራባት ይቻላል ነው።

ከዚህም አስቀድሞ በ2000 ዓ.ም. በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የሆሮን ዶሮ መርጦ የማሻሻል ሥራ ተጀምሮ ነበር። በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው መካከል ዶክተር ታደለ ደሴና ዶክተር ወንድምነህ እሳቱ ይገኛሉ። ዘዴው ውስብስብ አይደለም፤ እንቁላል ማብዛትና ክብደት መጨመር እየተመዘገበ፣ ከየትውልዱ ብልጫ ያላቸው ብቻ ለእናትነትና ለአባትነት ይቀራሉ። በጓሮ ጭራ የምታድር የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ በደብረ ዘይቱ መንጋ ግን በሰባት ትውልድ ውስጥ እንቁላሉ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ በሕይወት የሚቆየውም ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። ይህን ሳነብ የተሰማኝን አልሸሽግም። መዝገብ መያዝ ብቻ ይህን ያህል የሚያፈራ ከሆነ፣ እኔም የዕድሜዬን እኩሌታ በመዝገብ ላይ ማሳለፌ አላስቆጨኝም።

ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በኢትዮጵያ፣ በታንዛንያና በናይጄርያ ልዩ ልዩ ዘሮችን በገበሬው ግቢ ውስጥ አኑሮ አወዳድሯል። የተሻሻለው ሆሮ፣ ሳሶ፣ ኩሮይለርና ሌሎችም ከዚህ ገብተዋል። በቤተ ሙከራ ያሸነፈ ዘር ሁሉ በመንደር ያሸንፋል ማለት ስላልሆነ፣ ይህ የማወዳደር ሥራ ተገቢ ነበር።

ይህን ሁሉ ሰምቼ፣ «እንግዲያስ የአገር ዶሮ ፈንግልን ይችላል ማለት ነው?» ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። «አይችልም» አለኝ። «ያልተከተበ እንደ ሆነ የሐበሻውም የፈረንጁም ያልቃል። ዘር የሚያደርገው፣ ክትባት የተሰጠው ዶሮ የበለጠ እንዲጠቀምበት፣ ሌላ ልዩ ልዩ በሽታም እንዲችል ማገዝ ነው። ዘር የክትባትን ቦታ አይተካም።» ስለዚህ «ምርጥ ዘር» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ለእንቁላል የተመረጠ ማለት እንጂ በሽታ የማይነካው ማለት አይደለም። እመቤቲቱ እዚህ ላይ ተሳስተው ነበር፤ እኔም እንዲሁ።

የቀረው የክትባቱ ነገር ነው። ሐኪሙ እመቤቲቱ በምን ውሃ እንደ በጠበጡት፣ በስንት ሰዓት እንዳጠጡ ጠየቀኝ። ይህን ከእሳቸው ጠይቄ ሄጄ ስለ ነበር ነገርሁት፤ በቧንቧ ውሃ፣ በቀትር። እርሱም ራሱን ነቀነቀ። የፈንግል ክትባት የተዳከመ ነገር ግን በሕይወት ያለ ቫይረስ ነው፤ ለሰው ጤንነት ተብሎ በቧንቧ ውሃ የሚጨመረው ክሎሪን ይገድለዋል። ስለዚህ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል፤ ያ ከታጣ የቧንቧውን ውሃ ሌሊቱን ክፍት አሳድሮ፣ ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ጥቂት ጨምሮ መበጥበጥ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት፤ ይህም እንዲሆን ዶሮዎቹን አስቀድሞ ጥቂት ማስጠማትና ማለዳ ወይም ማታ ማጠጣት ያሻል። ከገበያ እስከ ቤት ድረስም በበረዶ ይያዛል እንጂ በኪስ አይያዝም። ለመንደር የሚሆን፣ ሙቀትን ከሌላው የበለጠ የሚችል፣ በዓይን አንዳንድ ጠብታ የሚሰጥ ክትባትም በቢሾፍቱ ይመረታል፤ እርሱም በየሦስትና በየአራት ወሩ ይደገማል። ከታመሙ በኋላ መክተብ ግን ዋጋ የለውም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ገዝቶ ማጠጣትም እንዲሁ ነው፤ እንዲህ ያለው መድኃኒት ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም።

ሐኪሙ ይህን ተናግሮ ሲያበቃ የጨረሰ መስሎኝ ለመሄድ ተነሣሁ። «ቆይ» አለኝ፤ «በቆሎው ከየት ነበር የሚገዛው?»

ከእኛ እንደ ነበር ነገርሁት። «እርጥበት ነክቶት ነበርን?» ሲል ጠየቀ። መልስ አልሰጠሁትም፤ አላውቅም ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ቱርኪ የሚባሉት ትልልቅ የቤት ወፎች ከመቶ ሺህ በላይ ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። በመጀመሪያ ቫይረስ ነው ተብሎ ተጠረጠረ። በኋላ ሲመረመር ግን ገዳዩ ከብራዚል የመጣ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ሻጋታው ራሱ ሳይሆን ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ነበር የገደላቸው፤ ይህም አፍላቶክሲን ተባለ። መርዙ ሲበዛ ጉበትን አቃጥሎ ይገድላል። ሲያንስ ግን አይገድልም፤ ዶሮዋም የታመመች አትመስልም። ነገር ግን በሽታን የሚከላከለውን የሰውነቷን ኃይል ያደክማል። ክትባት ደግሞ በራሱ በሽታን የሚዋጋ አይደለም፤ የዶሮዋ ሰውነት እንዲዋጋ የሚያስተምር ነው። የሚማረው ሰውነት በመርዝ ከደከመ ትምህርቱ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በሚገባ የተከተበ መንጋ፣ የሻገተ በቆሎ ሲበላ ከከረመ፣ ፈንግል ሲመጣ እንዳልተከተበ ሊያልቅ ይችላል።

መርዙ በመታጠብ አይጠፋም፤ በመቀቀልም አይጠፋም። የሻገተውን በቆሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ሻጋታው እንዳይቀጥል ያደርጋል እንጂ አስቀድሞ የገባውን መርዝ አያወጣም። መድኃኒቱ አስቀድሞ ነው፤ በቆሎ ከመቶው ከ13 ወይም ከ14 በላይ ውሃ ይዞ ወደ መጋዘን መግባት የለበትም፤ ከገባም በኋላ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ፈቀቅ ብሎ መደርደር አለበት። ነገሩ በዶሮም አይወሰንም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የወተት ላሞች ሲመረመሩ፣ በመኖአቸው ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ይህን መርዝ ይዞ የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ነበር፤ ከመርዙም በከፊል በወተቱ ውስጥ እያለፈ ተገኝቷል።

ሰኞ ጧት መደብር ገብቼ ደብተሩን ገለጥሁ። ፈንግሉ ከመግባቱ ከአምስት ሳምንት በፊት ለእመቤቲቱ ስምንት ኩንታል በቆሎ ወጥቷል። በመስመሩ ጫፍ ላይ «ጣራ ያፈሰሰበት፣ ለዶሮ የሚሆን፣ በቅናሽ» የሚል ቃል አለ። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነው። ስጽፈው የነበረኝን አሳብ እንኳ አላስታውሰውም፤ ሰው የማይበላውን ዶሮ ይበላዋል ማለት በእህል በረንዳ ሁሉ የተለመደ አነጋገር ነውና።

እመቤቲቱን የጎዳቸው ቧንቧው ይሁን በቆሎው፣ ወይስ ሁለቱም፣ ዶሮዎቹ ተመርምረው ስላልነበር በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ደብተሩን ለሐጂ ወስጄ አሳየኋቸው፤ ሐኪሙ ያለኝንም አንድ ባንድ ነገርኋቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንዲህ ያለ ስንት ኩንታል ይወጣናል በዓመት?» አሉኝ። ቆጥሬ ነገርኋቸው። ቁጥሩ ቀላል አልነበረም፤ ለዶሮና ለከብት ካልሆነ ደግሞ የሚወስደው ሰው የለም፤ እንግዲህ ኪሳራው የቤቱ ነው። በዚህ ጉዳይ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ «እኛ ብንተው ሌላው ይሸጠዋል» ይላሉ፤ ይህም ውሸት አይደለም። እኔ የምመልሰው በሂሳብ ነው። እንቁላል ለማግኘት ከሚወጣው ወጪ ከመቶው ስድሳና ሰባው መኖ ነው፤ ስለዚህ አንድ ዶሮ አርቢ በሞተ ቁጥር ከእኛ የበለጠ ደንበኛ የሚያጣ ነጋዴ የለም። በስምንቱ ኩንታል ቅናሽ ያገኘነውና በእመቤቲቱ ዱቤ ያጣነው ጎን ለጎን ቢጻፍ፣ ያጣነው አሥራ አንድ እጥፍ ነው።

ሐጂ የእመቤቲቱን ዕዳ እኩሌታውን ሰረዙላቸው፤ ጣራውም በዚያው ወር ተጠገነ። የእህሉን እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ተገዝቶ አሁን ከሚዛኑ ጎን ተቀምጧል፤ ጫኝና አውራጆቹ መጀመሪያ ሲስቁበት ቆይተው ዛሬ ራሳቸው ያነቡታል። በዱቤ ደብተሩም ላይ አንድ ዓምድ ጨምሬአለሁ፤ መኖ በዱቤ የሚወስድ ዶሮ አርቢ መንጋው መጨረሻ የተከተበበትን ቀን በዚያ ያስመዘግባል። እመቤቲቱ ባለፈው ጥቅምት መቶ ጫጩት ገዝተው እንደገና ጀምረዋል። በእሳቸው ስም አንጻር ያለው የክትባት ቀን ሦስት ጊዜ ተሞልቷል፤ አራተኛው በሚመጣው ወር ነው።